ናፍታው የት ገባ?

የሚያፈስ ነገር ሁሉ ሐቀኛ ነው ብዬ አምን ነበር። ጣሪያ ሲያፈስ አናት ላይ ጠብ ብሎ ይናገራል። እንስራ ሲያፈስ የተሸካሚዋን ጀርባ አርጥቦ ይናገራል። የሰው አፍ እንኳ ሲያፈስ፣ ዓርብ ለአንድ ሰው ብቻ የነገሩት ምስጢር ቅዳሜ ገበያ መሐል ከማያውቁት ሰው ይሰማል። ሌላው ጥፋት ይደበቅ ይሆናል፤ ፍሳሽ የሚሉት ጥፋት ግን ምርመራ የማያስፈልገው፣ ገና ሳይጠየቅ የሚያምን የዋህ ጥፋት ነው ባይ ነበርኩ። ይህን ፍልስፍና ይዤ ሠላሳ አራት ዓመት በሰላም ኖርኩ። በሠላሳ አምስተኛው ዓመት ላይ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ፍልስፍናዬን ከነባለቤቱ ልታስበላው ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው። ናፍታ በኩፖን የሚቀዳበት፣ ኩፖኑም ከናፍታው ይበልጥ የሚጠበቅበት ጊዜ። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ መንግሥታዊ የማመላለሻ ድርጅት ሹፌር ነበርኩ። አባቴ ለባቡር ሥራ ከሸዋ ወርዶ ድሬ ላይ የቀረ ሰው ስለነበር የሐዲድ ልጅ ሆኜ ሳለ በጎማ መተዳደሬ እስኪሞት ድረስ አልተዋጠለትም። ለነገሩ እኔም የሚያኮራ መኪና አልነበረኝም። የተሰጠችኝ ጣሊያን ሠራሽ ካሚዮን ዕድሜዋን የሚያውቅ ሰው በድርጅቱ ውስጥ አልተገኘም። የመስተዋት መጥረጊያ የላትም፤ ድሬ ላይ ዝናብም ስለሌለ ተቻችለን እንኖራለን። ዳሽቦርዷ ላይ ካሉት መለኪያዎች የሚሠራ አንድም የለም። ግን ሆዷን በስንዴ ሞልተው የደንገጎን ዳገት ውጪ ሲሏት ታቃስታለች እንጂ እምቢ አትልም።

ረዳቴ ደግሞ ጋሽ በየነ ነበሩ። በአሥራ ስምንት ዓመት ይበልጡኛል። እንግዲህ ረዳት ማለት ሹፌር የሚጮህበት ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ። መኪናዋ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ሌላው ሹፌር «ታኮ!» ብሎ ይጮሃል፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ እንጨቷን ከጎማው ሥር ይሸጉጣል፤ በቃ። እኔ ግን «ጋሽ በየነ፣ እባክዎ ታኮዋን ያስገቡልኝ» ብዬ አንቱታዬን እስክጨርስ መኪናዋ አንድ ክንድ ወደ ገደሉ ተጠግታ ታድራለች። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብሎ ሲጠራ ነውር የለበትም፤ ሽማግሌዎቻችንም አይከፉም። ጋሽ በየነ ግን የመንዝ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት ድሬ ኖረው ከቆላው የተቀበሉት አንድ ነገር ቢኖር ሽርጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ካልሆነ ሱሪ አያውቁም።

ነገሩ የጀመረው እንደ ቀልድ ነው። ሐረር ደርሰን ስንመለስ ጋሽ በየነ እንደ ልማዳቸው የባሕር ዛፍ በትራቸውን ታንኩ ውስጥ ሰደው አወጡና ትክ ብለው አዩት። (ታንክ ስል የናፍታውን ማለቴ ነው፤ በዚያ ዘመን ታንክ ሲባል የሚደነግጥ አንባቢ ቢኖር ብዬ ነው።) በትሩ ላይ በቢላዋ የቀረጿቸው ምልክቶች አሉ፤ እኔ ከድርጅቱ መዝገብ ይልቅ የማምነው እነሱን ነው። «ግርማ፣ ዛሬ መኪናችን ጠምቷት ነበር መሰለኝ» አሉኝ። ከወትሮው አንድ ጣት ያህል ጎድሏል። ዳገቱ ከብዷት ነው ብለን አለፍነው። በሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ጣት ጎደለ። ከዚያ አንድ መዳፍ። በጣት የሚለካ ጉድለት ሳቅ ሊሆን ይችላል፤ መዳፍ ከደረሰ ግን ሰው ይጠየቅበታል።

እንግዲህ ናፍታ ከጎደለ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ፈሷል፣ ወይ ተሰርቋል። አራተኛ መንገድ አለ ብሎ ያስተማረኝ የለም። ተቃጥሎ እንዳንል ጭሷ እንደ ወትሮው ነው፤ ከወትሮው በላይ የተቃጠለ ናፍታ ደግሞ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፈሷል ማለት ነው አልንና ፍሳሹን ፍለጋ ገባን። ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አነጠፍን። ጠዋት ካርቶኑ እንደ ነበረ ደረቅ ነው። ከታንኩ እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ በደረቅ ጨርቅ እየወለወልን፣ ማሰሪያዎቹን እያጠበቅን፣ ጣታችንን እያሻሸን ሄድን። አቧራ እንጂ እርጥበት የለም። የናፍታ ማጣሪያውን ፈትተን ገጠምነው። ደረቅ ነው። በአራት ቀን ውስጥ ያቺን መኪና እናቷ ከምታውቃት ይበልጥ አወቅናት፤ ናፍታው የት እንደሚገባ ግን አላወቅንም።

በአምስተኛው ቀን አንድ ዘዴ መጣልኝ። ጥቂት የሚያፈስ ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ቢነሰነስ ናፍታው መስመር አውጥቶ ይታያል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ዱቄት ከየት ይመጣል? ባለቤቴ ወርቅነሽ ለአራስ ልጃችን በስንት ደጅ ጥናት ያገኘችው የሕፃን ፓውደር መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ሳልነግራት ወሰድኩት። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ነሰነስንና በሜዳው መንገድ እስከ መልካ ጀብዱ ነዳናት። እዚያ ቆመን መክደኛውን ስንከፍት ሞተሩ እንደ ተጠመቀ ሕፃን ነጭ ሆኖ መዓዛው ያውዳል፤ አንዲት መስመር የለችበትም። የግመል ወተት የምትሸጥ አንዲት ሶማሌ ሴት ጠጋ ብላ አሸተተችና «ወሪያ፣ ምንድን ነው የጫናችሁት? ሕፃን ነው?» አለችን። ጋሽ በየነ መክደኛውን ቶሎ ዘጉት። እኔ ቤት ስገባ የጠበቀኝን አልነግራችሁም። ብቻ ወርቅነሽ «ልጅህን በናፍታ ቀባው እንግዲህ» እንዳለችኝ ይበቃል።

በዚህ መሐል ተጠራሁ። የጠራኝ የድርጅታችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ተፈራ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት የሚያምን ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ዘርግቷል። «ጓድ ግርማ» አለኝ፣ «በዚህኛው ወረቀት ላይ አንተ ለሁለት ወር አንዲት ጣሳ የሞተር ዘይት ከመጋዘን ያላወጣህ ቆጣቢ ላብ አደር ነህ። ስምህ ለምስጋና ተላልፏል። በዚህኛው ወረቀት ላይ ደግሞ የሰፊውን ሕዝብ ናፍታ የምታጠፋ ሰው ነህ። የትኛው ነህ?»

ሁለቱንም ወረቀት አየሁ። ሁለቱም ላይ የእኔ ስም ነው። የአባቴም ስም በትክክል ተጽፏል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የትኛው እንደሆንኩ ለራሴም ግራ ገባኝ። «ጓድ፣ ፈልገን አጣነው እኮ፤ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ የለም» አልኩት። ይህን ስል ራሴን የምከላከል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እርሳሱን አነሣ። «ጠብታ ከሌለ አልፈሰሰም። ጥቁር ጭስ ከሌለ አልተቃጠለም። ቁስ አካል ደግሞ ዝም ብሎ እንደማይጠፋ በውይይት ክበብ ተምረናል» አለና አንድ ቃል ጻፈ። ከተቀመጥኩበት ቃሉን ገልብጬ አነበብኩት። «አሻጥር» ይላል። ዛሬ ይህን ቃል የሚሰማ ሰው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ያልፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ጉልበት ነበረው። አንድ ሳምንት ሰጠኝ። በሳምንቱ ናፍታው የት እንደገባ ካልታወቀ ጉዳዩ «ለሚመለከተው ክፍል» ይተላለፋል አለኝ። ወደዚያ ክፍል የተላለፈ ጉዳይ ሲመለስ አይቼ አላውቅም፤ ጉዳዩን ይዞ የሄደውን ሰውም ጭምር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔም ላለመመንጠር መጠርጠር ጀመርኩ። ታንኩ ጋ የሚደርስ ሰው ማነው? እኔና ጋሽ በየነ። እኔ እንዳልሰረቅኩ አውቃለሁ። ከሁለት ላይ አንድ ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ሒሳቡ እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር፤ ግን የጨነቀው ሰው ቀላል ሒሳብ ይወዳል። ጋሽ በየነን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ለካ አዲስ ሽርጥ ለብሰዋል! አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቀይ፣ የታይዋን። ከየት መጣ? ለምን አሁን መጣ? ስድስት ልጅ ያሳደጉ፣ ጾም የማይገድፉ ሰው አንድ ሽርጥ መልበስ አይገባቸውም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ልብ በዚያ ሳምንት አልነበረኝም።

የታንኩን መክደኛ በቁልፍ ቆለፍኩና ቁልፉን አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር አሰርኩት። ጋሽ በየነ አዩ። ሁለት ቀን ሙሉ ድሬን ከሐረር አመላለስናት፤ ከ«እንደምን አደርህ» በቀር ቃል አልወጣቸውም። በሦስተኛው ቀን ታንኩን ልከፍት ጎንበስ ስል መክደኛው ላይ ቀጭን ነጭ ክር ተሳስሮ አገኘሁ። ሰው ከነካው የሚበጠስ ክር። ያሰሩት ጋሽ በየነ ናቸው። ለካ እኔ እሳቸውን ስጠብቅ እሳቸው እኔን ይጠብቁ ኖሯል! እኔ እቆልፋለሁ፣ እሳቸው ያስራሉ፤ ናፍታው ደግሞ ቁልፉም ክሩም ሳይነካ ይጎድላል።

ነገሩን ጭራሽ ያወሳሰበብኝ ዘይቱ ነው። በዚያው ጠዋት የሞተሩን ዘይት ለማየት የመለኪያ ዘንጉን መዘዝኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ወጥቷል። እኔ አልጨመርኩም። እንግዲህ ጋሽ በየነ ጨምረዋል ማለት ነው። ከመጋዘን ሳያወጡ ከየት አምጥተው? ደግሞስ ናፍታ ሰርቆ ዘይት የሚተካ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ጸጸት ይሆን? ሰው ከአንዱ ኪስ ወስዶ በሌላው ኪስ ሲከት አይቼ አላውቅም። ራሴን ይዤ የፊት ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። የመንዝ ሰው ጥልቅ ነው ብዬ ተነሣሁ።

የማደርገው ቢጠፋኝ ከሰዓት በኋላ ወደ አው ዩሱፍ ሄድኩ። አው ዩሱፍ በባቡሩ የጥገና አዳራሽ ጸጉሩ እስኪነጣ ሠርቶ ጡረታ የወጣ የሐረሪ ሽማግሌ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ውሃ በሌለበት አሸዋ አጠገብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረችው። ጋሽ በየነም ነገሩ በሌሉበት እንዳይወሰን ሰግተው ነው መሰለኝ ተከትለውኝ መጡ። አው ዩሱፍ ጥላው ሥር ጫቱን ይዞ ተጋድሟል። «አቦ ግርማ፣ መርሐባ! አንተስ ሽማግሌው፣ ና ተቀመጥ እንጂ» ሲል ጋሽ በየነ «አንተ» መባላቸው አንገብግቧቸው ቆመው ቀሩ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ካርቶኑን፣ ጨርቁን፣ ፓውደሩን። ፓውደሩ ላይ ስደርስ ሳቁ አነቀውና ውሃ ጠጣ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ዘይቱስ?» አለ።

ዘይቱ ጥሩ ነው አልኩት በኩራት። ሁለት ወር ሙሉ ጠብታ እንዳልጨመርኩ፣ እንዲያውም ተርፎ ከምልክቱ በላይ እንደሆነ፣ ለዚህም ስሜ ለምስጋና እንደተላለፈ አስረዳሁት። ጫቱን የሚቀነጥስበት እጁ ቆመ። «ይተርፋል?» አለ። «ይተርፋል» አልኩ። ዓይኑን ጨፈን አደረገና «አንድ ሰው ምንም ሳይበላ ሆዱ ካበጠ ምን ትላለህ?» አለኝ። ታሟል እላለሁ አልኩት። «በል እንግዲህ ነገ ጠዋት አምጣት። ጭነት የለም። ዳገት የለም። ቀስ ብለህ አምጣት፣ ዋላሂ!» አለና ፊቱን ወደ ጫቱ መለሰ። እኔ ናፍታ ጠፋብኝ እላለሁ፣ እሱ ስለ ሰው ሆድ ያወራኛል። ምርቃና ነው ብዬ ተነሣሁ። ጋሽ በየነ በመንገድ ላይ «ትልቅ ሰውን አንተ የሚል ሰው ሞተር ያውቃል ብለህ ነው?» አሉኝ። በሦስት ቀን ውስጥ የተናገሩት የመጀመሪያው ረጅም ዐረፍተ ነገር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ደቻቱ ላዞር ስል ጓድ ተፈራ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሐረር አስቸኳይ ስንዴ ይፈለጋል። ወደ ባለሙያ ልወስዳት ነው ስለው «የተሰጠህ ሳምንት አላለቀም፤ ሐረር ያለው ስንዴ ግን አልቋል» አለኝ። በዚያ ላይ ስንዴውን እምቢ ማለት በሁለተኛው ወረቀት ላይ ሌላ መስመር መጨመር ነው። ጫንን፤ ወጣን።

ደንገጎን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ መንገዱ ከድሬ ሙቀት ተነሥቶ ወደ ሐረር ብርድ የሚያወጣ፣ በአንድ ወገን ተራራ በሌላው ወገን ገደል የሆነ ጠመዝማዛ ነው። ግማሹን እንደ ወጣን ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ጉልበት ያገኘች መሰለኝ። ቀጥሎ ጭራሽ እየበረታች ሄደች። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሣሁ። እኔ ለቀቅኩ፤ ሞተሩ ግን አልለቀቀም። ፍሪሲዮን ስረግጥ እንደሚታረድ በሬ መጮህ ጀመረች። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ወጥቶ ተራራውንም ገደሉንም ሸፈነው። ፍሬን ይዤ ማጥፊያውን ሳብኩ። ማጥፊያ ሲሳብ ናፍታ ይዘጋል፣ ናፍታ ሲዘጋ ሞተር ይጠፋል፤ ሕጉ ይህ ነው። አልጠፋችም። ደግሜ ሳብኩ። ሽቦው እጄ ላይ ቀረ። ናፍታ ተከልክላ ያለ ናፍታ ትጮሃለች! በዚያ ዘመን «አቁም» ተብሎ ያልቆመ ነገር እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ፍሬኑ መዛል ጀመረ። መኪናዋ ከነስንዴዋ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ነቅነቅ ስትል አንቱታዬ ደንገጎ ገደል ገባ። «በየነ! ታኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ በየነ መሬት ላይ ነበሩ። መቼ እንደ ወረዱ አላየሁም። ታኮውን ሸጎጡ፤ ድንጋይ ደገፉበት። ከዚያ «ውረድና ሽሽ» የሚሉኝ መስሎኝ ሳለ የሞተሩን መክደኛ ከፍተው ጭሱ ውስጥ ገቡ። «የወንበርህን ትራስ ወርውርልኝ!» አሉኝ። ወረወርኩላቸው። ሞተሩ አየር የሚስብበትን አፍ በትራሱ ደፈኑት። በጎን በጎኑ እየሾለከ አሁንም ይስባል። በአንድ እጃቸው ትራሱን እንደያዙ በሌላው አዲሱን ሽርጥ ከወገባቸው ፈተው ዙሪያውን ጠቀጠቁበት፤ በደረታቸውም ተጫኑት። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ። ሁለተኛ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዝም አለ።

ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ የነበሩት ዝንጀሮዎች እንኳ ዝም ብለው ያዩናል። ቀኝ እጄ መሪውን አልለቅም ብሎ በግራ እጄ ፈለቀቅኩት። ስወርድ ጋሽ በየነ በቁምጣቸው ቆመው፣ ፊታቸው በጭስ ጠቁሮ፣ የተበጣጠሰ አረንጓዴ ሽርጥ ይዘዋል። «ድሮ ወጣት ሳለሁ አንድ ጣሊያን ሲያደርገው አይቼ ነበር። የሚሠራ አልመሰለኝም ነበር» አሉኝ።

መኪናዋ ስትበርድ የዘይት መለኪያውን መዘዙት። ዘይቱ ከዘንጉ ላይ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ለእኔ ሰጡኝ። አሸተትኩ። ናፍታ ነው። ሁለታችንም እጃችንም ልብሳችንም ሁልጊዜ ናፍታ ናፍታ ስለሚል እስከዚያች ቀን ድረስ ዘይቱን ማሽተት ትዝ ብሎን አያውቅም። ያን ጊዜ ነው የአው ዩሱፍ በሽተኛ የገባኝ። ሳይበላ ሆዱ ያበጠው ሰው መኪናዬ ናት! ናፍታው ወደ ውጭ አልፈሰሰም፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ነው የከረመው። ሆዷ ሞልቶ ሲተርፋት ደግሞ ያንኑ መልሳ እየሳበች በራሷ ጊዜ መሥራት ጀመረች።

«ዘይት የሚጨምሩት እርስዎ ይመስሉኝ ነበር» አልኳቸው።

«እኔ ደግሞ አንተ ትመስለኝ ነበር» አሉኝ። «ናፍታውን ሸጦ በዘይት የሚክስ ሹፌር አይቼ ስለማላውቅ ግራ ገብቶኝ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።»

ቁልፉን ከማተቤ ላይ ፈትቼ ሰጠኋቸው። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው፤ የተቆለፈው ታንክ አሁን ለማንም አይጠቅምም። አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። «ለቁልፉ ይቅር ብዬሃለሁ። እኔም ክር አስሬያለሁ» አሉ። ቀጥለው «ለ‘በየነ’ው ግን እናስብበታለን» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሲስቁ ትከሻቸውን አየሁት።

ጫት ጭና ቁልቁል በምትበር መኪና ለአው ዩሱፍ መልእክት ላክን። እሱም ሽቅብ በምትወጣ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መጣ። ከሞተሩ ሥር ያለውን ቡሎን ሲፈታ ሦስት ጀሪካን ሞልቶ የሚተርፍ፣ ዘይት ነኝ ለማለት የሚያፍር ቀጭን ነገር ወረደ። ቀጥሎ ናፍታን ከታንክ ስባ ወደ ሞተሩ የምታሳልፈውን ትንሿን ፖምፕ ፈታ። ውስጧ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ላስቲክ አለ፤ ከላስቲኩ በስተጀርባ የሞተሩ ሆድ ነው። ላስቲኩን ወደ ፀሐይ አነሣው። መሐሉ ላይ የምስር ክክ የምታህል ቀዳዳ ብርሃን ታስገባለች። «ላይዋን አጠባችሁ፣ ፓውደር ቀባችሁ፣ ሆዷን የጠየቃት የለም አቦ!» አለ። ጋሽ በየነ ራሳቸውን ነቅንቀው «ውስጡን ለቄስ ማለት ይህ ነው» አሉ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አው ዩሱፍ «አንተ» ሲላቸው ዝም ይሉ ነበር። እኔ ግን ያቺን ቀዳዳ እያየሁ ሌላ ነገር አስብ ነበር። በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሰው፣ ስድስት ልጅና አንድ አራስ ሊያልፉ ምን ቀራቸው?

በሳምንቱ መጨረሻ የተቀደደውን ላስቲክ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጓድ ተፈራ ፊት አቀረብኩ። ኮሚቴው በሙሉ ተሰብስቧል። ላስቲኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም በቀዳዳው አጮልቀው መስኮቱን አዩ። ነገሩን አስረዳሁ። ጓድ ተፈራ እርሳሱን አነሣና ጠየቀኝ። «ናፍታው ከመኪናው አልወጣም ማለት ነው?»

«አልወጣም፣ ጓድ።»

«እዚያው መኪናው ውስጥ ነበረ?»

«እዚያው ነበረ፤ ሞተሩ ሆድ ውስጥ።»

«እንግዲያው ጉድለት አልነበረም» አለና ቀና ብሎ ኮሚቴውን አየ። ኮሚቴው አልነበረም አለ። እኔም አልነበረም አልኩ፤ ምን ልበል? ቃለ ጉባኤው ላይ «ያልጎደለ ናፍታ ጎድሏል በማለት በአንዳንድ ወገኖች የተነዛው ወሬ መሠረተ ቢስ ሆኖ ተገኝቷል» ተብሎ ተጻፈ። ወሬውን የነዙት ወገኖች እነማን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ዓይኔን ከጓድ ተፈራ እርሳስ ላይ አልነቀልኩም። ቀጥሎ ድርጅቱ እንዲህ ያለ ልምድ ያካበተ ሠራተኛ መሪ ላይ ማባከን የለበትም ተባለ። በሙሉ ድምፅ የነዳጅ ቁጥጥር ኃላፊ ሆንኩ። ጋሽ በየነ ዜናውን ሲሰሙ «ክር እገዛልሃለሁ» አሉኝ።

ጠረጴዛ ተሰጠኝ፤ ወንበርም፤ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ወንበርም። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ቀን አንድ ሹፌር ቆቡን በእጁ እየጠመዘዘ ገባ። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ናፍታው እየጎደለበት መሆኑን፣ ካርቶን አንጥፎ ማየቱን፣ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ እንዳላገኘ፣ ጭሱም እንደ ወትሮው መሆኑን፣ ልጆቹን አስቦ ግራ እንደገባው ነገረኝ። አንጀቴን በላው። እኔ ካልገባኝ ማን ይገባዋል? አስቀመጥኩት። ውሃ ቀዳሁለት። ዘይቱን አሽትተኸው ታውቃለህ ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ፤ እርሳሴ መቼ እጄ እንደገባ ግን አላውቅም።

«ለመሆኑ» አልኩት፣ «ያ ረዳትህ እንዴት ያለ ሰው ነው?»